የትም የማይሄደው ሳይክላችን



ይህን የምንጽፈው ሦስት ሆነን ነው፤ አንድ ወንድምና ሁለት እህቶች። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናታችን ጋር እንኖራለን። ሰሞኑን ጓደኞቻችን «ያ የቤት ውስጥ ሳይክል ያዋጣል ወይ? እኛም እንግዛ ወይ?» እያሉ ሲጠይቁን ለእያንዳንዱ በድምፅ መልእክት ከመመለስ ሙሉውን መጻፍ ይሻላል አልን። ውስጡ የሚያስደስተንም የሚያሳፍረንም አለ። የሚያሳፍረውን አንዘለውም።

ሳይክሉን የገዛነው ለራሳችን ነበር። ወንድማችን ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ እየዋለ ሆዱ ገፍቷል፤ ከሱጁድ ሲነሳ ያቃስታል። እህቶች ደግሞ ስፖርት መሥራት እንፈልጋለን፣ ቦታ ግን የለንም። ሰፈራችን ያለው ጂም ወንድና ሴት ተቀላቅሎ የሚሠራበት ነው። የሴቶች ብቻ የተባለው ሁለት ታክሲ ያስይዛል፣ ሰዓቱም ልክ መግሪብ ላይ ይወድቃል። ከሱብሒ በኋላ አስፋልት ላይ ሮጠን ሞክረናል። በጅልባብ የምትሮጥ ሴት ያየ ሁሉ አስተያየት የመስጠት ግዴታ ያለበት ይመስለዋል። በአራተኛው ቀን ተውነው።

በመጨረሻ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ ያገለገለ ሳይክል አገኘን፤ 18,000 ብር። ትንሿ እህታችን ዕቁብ ደርሷት ስለነበር ግማሹን እሷ ቻለች። ከ40 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት አራት ፎቅ ማውጣት ምን እንደሚመስል ያየው ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ስፖርት የሠራነው ደረጃው ላይ ነው።

ዕቃው ቀላል ነገር ነው። ከፊት ከባድ የብረት ጎማ አለው፤ ፔዳሉን ስትረግጡ እሱ ይሽከረከራል። መሪው ሥር ያለችው ማጥበቂያ ስትዞር ደግሞ ይከብዳል። አንዳንዱ የሚከብደው ሱፍ መሰል ፍሬን ጎማውን ስለሚያሸው ነው፤ እሱ ይጮኻል፣ ያልቃልም። አንዳንዱ በማግኔት ነው፤ ሳይነካካ ይይዛል፣ ድምፅም የለውም። እኛ ይህን ሳናውቅ የሚጮኸውን ገዛን። ታች ፎቅ ያሉት ሐጂ በሁለተኛው ቀን ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት መቱት። ከሥሩ የመኪና ጎማ ላስቲክና አሮጌ ምንጣፍ ደርበን ይቅርታ ጠየቅናቸው። የምትገዙ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ተቀምጣችሁ አሽከርክሩት፣ ጆሯችሁንም ጣሉበት። የመቀመጫውን ከፍታም ቁማችሁ ከዳሌያችሁ አጥንት ጋር አስተካክሉት። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። እኛ ይህን ሳናውቅ ሁለት ሳምንት ጉልበታችንን አሳመምን።

ከዚያ ወደ ኦንላይን ክላሱ ገባን። በዓለም ላይ ይህን ነገር ያስፋፋው ፔሎተን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውዮርክ ተመሠረተ፤ ሳይክሉ ላይ ትልቅ ስክሪን ገጥሞ አሰልጣኙን ቤት ድረስ አመጣ። በ2020 ሰው ሁሉ በኮሮና ቤቱ ሲዘጋ ገበያው ደራ። የክላሱ ወርሃዊ ክፍያ በ2022 ወደ 44 ዶላር ከፍ ብሎ ነበር። ለእኛ ይህ የሚታሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ በነፃ ያለውን ማታ ማታ እያወረድን በስልክ መከተል ጀመርን። የሚገርመው ይህ ሁሉ ንግድ የመጣው ከአንድ ሰው ጋራዥ መሆኑ ነው። ጆኒ ጎልድበርግ የሚባል ደቡብ አፍሪካ የተወለደ ብስክሌተኛ በ1980ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለረጅም ውድድር ቤቱ ሆኖ መለማመድ ፈልጎ ነው ቆሞ የሚሽከረከረውን ሳይክል የሠራው። የቤት ውስጥ ሳይክል ራሱ ግን ከዚያም በጣም ይቀድማል። በ1912 የሰመጠችው ታይታኒክ መርከብ ጂም ውስጥ እንኳ ነበር።

ክላሱ ላይ አንድ ችግር ገጠመን። ከዳር እስከ ዳር ሙዚቃ ነው። ድምፁን ዘጋነው። ድምፁ ሲዘጋ ደግሞ ክላሱ ትርጉም አጣ፤ ለካ አሰልጣኟ ፍጥነቱን የምታዘው በዘፈኑ ምት ነው። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ እጇን ታወዛውዛለች፣ እኛ በምን ፍጥነት እንደምንረግጥ አናውቅም። መፍትሔውን ያገኘችው ታላቋ እህታችን ናት። ቀኝ እግር ታች የሚደርስበትን ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት። 20 ከሆነ በደቂቃ 80 ዙር ነው። ሜዳ ላይ እንደመጋለብ የሚቆጠረው ከ80 እስከ 100 አካባቢ ነው። ዳገት የሚሉት ደግሞ አጥብቆ ከ60 እስከ 80 ነው። ይህን ከያዛችሁ አሰልጣኟም ሙዚቃዋም አያስፈልጓችሁም።

ሆኖም በሦስተኛው ሳምንት ደከመን። በአራተኛው መሪው ላይ ዐባያ ይሰጣበት ጀመር። 18,000 ብር የወጣበት የልብስ ማስጫ!

ኡሚ ስኳር ካለባት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። አባታችንን (አላህ ይዘንለት) የወሰደብን ይኸው በሽታ ነው፤ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ እሱን። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ «እግሬ ደነዘዘኝ» የሚል ቃል ሲነሳ ሁላችንም ዝም እንላለን። ኡሚ ቃሉን ማንሳት ጀምራ ነበር። ማታ ማታ ውስጥ እግሯ ያቃጥላታል፤ አራቱን ፎቅ መውረድ ከባድ ሆነባት፣ ከቤት መውጣት ቀነሰች። ሐኪሟ ደግሞ ተንቀሳቀሺ ይሏታል። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። መካከለኛ የሚባለው እያወራህ የምትሠራው፣ ግን ነሺዳ ማዜም የማትችልበት ነው። ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊን ባያግዘውም ከደም ውስጥ ስኳር እየሳበ ያቃጥላል፤ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ግን የሚያቃጥል እግር ይዞ እንዴት ይኬዳል?

ሳይክሉ ላይ ግን የሰውነት ክብደት ያለው መቀመጫው ላይ እንጂ እግር ላይ አይደለም። ይህ የገባን ዐባያውን ከመሪው ላይ ያነሳን ቀን ነው። ወሮቹ ባክኖ ነበር።

«በዚህ ዕድሜዬ ሳይክል? ሰው ምን ይለኛል?» አለች።

«ኡሚ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ያይሻል?»

ወንድማችን የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ታሪክ አመጣላት፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር በሩጫ ተወዳድራ አንዴ እንደቀደመቻቸው፣ ኋላ ደግሞ እሳቸው እንደቀደሟት። ኡሚ አዳመጠችውና «እሷ ያኔ ልጅ ነበረች፤ እኔ እንኳን ሩጫ ታክሲም ያደክመኛል» አለች። ግን ሳቀች። በማግሥቱ ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ «እስቲ ያዙኝ» አለችን። አምስት ደቂቃ አሽከረከረች። ወርዳ «አላቃጠለኝም» አለች፤ እግሯን ማለቷ ነው። ያን ቀን የተሰማንን ደስታ አላህ ያውቀዋል።

አሁን የሚያሳፍረው መጣ።

ደስታችን አሰከረን። አምስቱን ደቂቃ አሥር፣ አሥሩን ሃያ፣ ከዚያ ሠላሳ አደረግነው። «የጀማሪዎች» የሚል ክላስ ከፊቷ ከፈትንላት፤ ሦስታችን ዙሪያዋን ቆመን አሰልጣኝ ሆንን። «በርቺ ኡሚ! ማጥበቂያውን ጨምሪ!» አንድ ቅዳሜ ጠዋት መድኃኒቷን ውጣ፣ ሻይና ግማሽ ዳቦ ብቻ ቀምሳ ተቀመጠች። ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ በላብ ተጠመቀች። እኛ ላቡን አይተን ደስ አለን። ትንሿ ስልኳን አውጥታ እየቀረፀቻት ነበር! «አምስት ደቂቃ ብቻ ቀረሽ!» አልናት። አልመለሰችም። ኡሚ የማትመልሰው ነገር የለም። ቀና ብለን ስናያት እጇ መሪው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ እኛን አያይም።

ተሸክመን አወረድናት። የስኳር መለኪያው 54 አለ። ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል። ወንድማችን ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ቀስ እያለ አጠጣት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለካናት፤ 88። እነዚያን 15 ደቂቃዎች ምን እያልን እንዳሳለፍናቸው አንጽፍም። ወደ ራሷ ስትመለስ የጠየቀችው «ዙህር ደረሰ እንዴ?» ብላ ነው።

ቪዲዮውን አጥፍተነዋል። ድምፃችን አለበት፤ «በርቺ፣ በርቺ» የሚል።

ሐኪሟ አልተቆጡንም፤ መቆጣት ይሻለን ነበር። በትዕግሥት አስረዱን። ኡሚ ከምትወስዳቸው ሁለት መድኃኒቶች ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር አውርዶ የመጣል ዕድሉ ትንሽ ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ግን ሰው ቢበላም ባይበላም ቆሽትን ኢንሱሊን ያስመነጫል። በዚያ ላይ እንቅስቃሴ ሲጨመር ስኳሩ ቁልቁል ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ዝምታ የብርታት ምልክት መስሎን ነበር፤ የአደጋ ደወል ነው። መጠኑን አስተካከሉላት። ከመጀመሯ በፊት እንድንለካት፣ ከ100 በታች ከሆነ መጀመሪያ ትንሽ እንድትቀምስ፣ ሁልጊዜም ስኳር አጠገቧ እንዲቀመጥ ነገሩን። እግሯ ስለደነዘዘ ቁስል ቢወጣባት ላይሰማት ይችላል፤ ስለዚህ በካልሲና በሽፍን ጫማ ብቻ፣ ስትወርድም ውስጥ እግሯን አይተን። ኢንሱሊን ወይም እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ እናት ወይም አባት ያላችሁ፣ እኛ ኋላ የጠየቅነውን እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ለሁለት ሳምንት ሳይክሉን ማንም አልነካውም። እኛ ልንሸጠው ተነጋግረን ነበር። የመለሰችን ራሷ ናት። «ጥፋቱ የብረቱ አይደለም፤ የእናንተ ጩኸት ነው። እኔን ተዉኝና በራሴ ልክ ልሥራው» አለች።

በራሷ ልክ የሠራችው እንዲህ ነው። ምሳ በልታ፣ ዙህር ሰግዳ፣ ማጥበቂያው ላላ ብሎ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ። ከምግብ በኋላ የሚሠራ ቀላል እንቅስቃሴ ስኳሩ ሽቅብ የሚወጣበትን ሰዓት ይይዘዋል። ክላሱን ዘጋችው። ቁርኣን እንክፈትልሽ ስንላት «ቁርኣን ተቀምጦ፣ ልብ ሰጥቶ ነው የሚደመጠው፤ እያለከለኩ አይደለም» አለች። በአማርኛ የሚሰጥ የሲራ ደርስ በድምፅ አወረድንላት። አሁን የእሷ ኦንላይን ክላስ እሱ ነው። ኡስታዙ ሲጠይቅ ትመልስለታለች። እየመለሰች እስከሆነ ድረስ ልኩን እንዳላለፈች እናውቃለን። መብራት ቢሄድም አይቋረጥም፤ ሳይክሉ የሚፈልገው ለቆጣሪው ሁለት ትንንሽ ባትሪ ብቻ ነው።

እኛም ከእሷ ተምረን ተመልሰናል፤ ቢሆንም እንደ እሷ አልዘለቅንም። ወንድማችን በሳምንት ሦስት ቀን ከሱብሒ በኋላ ይሠራል። ረመዳን ላይ ልክ ከኢፍጣር በፊት ከባድ ክላስ ልሥራ ብሎ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ተዘርግቶ አዛን ጠበቀ፤ ከዚያ ወዲህ የጾም ወር ላይ ቀለል አድርጎ ወደ ማታ አዛውሮታል። ኡሚን በረመዳን አናስነካትም። ስለ ጾሙ የምትመካከረው ከሐኪሟ ጋር ነው፤ ተራዊሕ ራሱ እንደ እንቅስቃሴ እንደሚቆጠር የነገሯትም እሳቸው ናቸው።

ተሻላት ወይ ትሉን ይሆናል። በባዶ ሆድ ሲለካ 190 ቤት የነበረው አሁን ብዙ ቀን 140 ቤት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሳይክሉ ይሁን፣ መድኃኒቱ መስተካከሉ ይሁን፣ የሻዩ ስኳር መቅረቱ ይሁን መለየት አንችልም። የእግሯ ማቃጠል አለ። ግን ጁሙዓ ለጁሙዓ አራቱን ፎቅ ወርዳ ትወጣለች፤ ሦስተኛው ላይ ከጎረቤት ጋር ለማውራት እንጂ ለማረፍ አልቆምም ትላለች።

ትናንት አሥራ አምስተኛው ደቂቃ አለፈ። እኛ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሰዓት ሲያልፍ ሆዳችን ይሸበራል። ትንሿ መለኪያውን ይዛ ቀረበች። ኡሚ እግሯን ሳታቆም አንድ ጣቷን ብቻ ዘረጋችላት፤ 131። በሌላኛው እጇ ዝም በሉ አለችን። ደርሱ ወደ ሐበሻ የተደረገው ስደት ላይ ደርሷል። ሰሓቦቹ ነጃሺ ፊት ቆመዋል፣ ጃዕፈር እየተናገረ ነው። እኛም ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ጃዕፈር ገና አልጨረሰም ነበር።