ደምበጫ ላይ ያገኘኝ የአባቴ ካሴት

እናንተዬ! ሰው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደምበጫ ላይ የድሮ ጥፋቱ ይጠብቀዋል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔን ጠበቀኝ!

ጊዜው 2009 ዓ.ም. ነው፤ ጥቅምት። ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ የዓባይን በረሃ ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን ደምበጫ ስንደርስ የአውቶቡሳችን ጎማ ተነፈሰ። ደምበጫን አብዛኞቻችን የምናውቃት በመስኮት ነው አይደል? ያን ቀን ግን ወርጄ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብዬ አንዲት ቡና ቤት ተቀመጥኩ። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። መደርደሪያው ላይ ካለች አሮጌ ቴፕ አኮርዲዮን ይንቆረቆራል። ዘፋኝ የለውም።

ክው አልኩ! ካሴቱን አውቀዋለሁ።

ምስጢሬን ልንገራችሁ። ጎረምሳ ሳለሁ አባቴ “አደራ እንዳትነካ” ያለኝን ይህንኑ ካሴት፣ “ዘፋኝ የሌለው ዘፈን ምን ያደርጋል?” ብዬ፣ ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቄ የፈረንጅ ራፕ ቀዳሁበት። አባቴ ከፍቶ ሲሰማ አልተቆጣም። አውጥቶ ኪሱ ከተተው፤ በቃ። ዛሬ አባቴ በሕይወት የለም፤ ያ ዝምታው ግን አለ።

“እማማ፣ የማን ሙዚቃ ነው?”

“የኃይሉ መርጊያ ነው ልጄ። ሟች ባለቤቴ ሾፌር ነበር፤ እሱ ነው ከአዲስ አበባ ያመጣው።”

“ይሽጡልኝ?”

“ምን በወጣኝ! ቃል የለውም ብለህ ነው? እሱ እያፏጨ ነበር የሚሰማው። እኔ እኮ የምሰማው ፉጨቱን ነው።”

አንገቴን ደፋሁ።

ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ዋልያሶች አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 “ቸ በለው” የተባለውን፣ ሙዚቃው ብቻውን የሚናገርበትን አልበም አወጡ። “ሙዚቃዊ ስልት” እዚያ ውስጥ ነው፤ ስሙን ባታውቁት እንኳ ዜማውን ታውቁታላችሁ። በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉም በ1985 አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን “ሸሞንሟናዬ”ን ቀዳ። እኔ ያጠፋሁት እሱን ነው! ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርዱን ይለማመድ ነበር።

የሚገርመው ደግሞ፣ አንድ አሜሪካዊ ያንኑ ካሴት እዚሁ መንገድ ጫፍ፣ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። ፈረንጁ አገር አቋርጦ ያገኘውን እኔ ሳሎናችን ውስጥ አጠፋሁት!

ጎማው ተቀይሮ ክላክስ ተነፋ። እማማ ካሴቱን ገልብጠው “ይህንን ሳትሰማ አትሄድም” አሉኝ። ሾፌሩ እየጮኸም ቢሆን ቆሜ ሰማሁ።

ወጣቶች ሆይ፣ ምክሬ አንድ ነው። ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን “ያ አሮጌ ካሴት የማን ነው? ለምንስ ነው የምትወዱት?” ብላችሁ ጠይቁ። ሙዚቃው ተፈልጎ ይገኛል፤ እኔም አግኝቼዋለሁ። አባቴ ለምን ይወደው እንደነበር ግን የምጠይቀው ሰው የለኝም።