አስፋልትም ዋልካም የሚረግጥ ጎማ

አቦምሳን የማያውቅ ሰው እንኳ መርቲን ያውቃል። በቆርቆሮ ታሽጎ በየጓዳችን የገባው የመርቲ የቲማቲም ድልህ፣ ለልጆች ቁርስ ዳቦ ላይ የምንቀባው የመርቲ ማርማላት ስሙን ያገኘው ከዚያው አካባቢ ነው። አቦምሳ በአርሲ ዞን የመርቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከበታቿ የአዋሽ ቆላ፣ ከበላይዋ የአርሲ ደጋ ስለሆነ ገበያዋ ላይ ሙዝና ማንጎው ከገብሱና ከባቄላው ጎን ተዘርግቶ ይታያል።

እናቴ የምትኖረው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው። 74 ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር እንድትኖር ብንለምናት "ላሜን ለማን ጥዬ?" ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ለዓይኗ ሕክምና ግን በየሦስት ወሩ መምጣት አለባት። ስለዚህ ሄደን እናመጣታለን፣ መልሰን እናደርሳታለን። ልጆቼም "አኮ ጋ መቼ ነው የምንሄደው?" እያሉ ነው ያደጉት። አኮ በአፋን ኦሮሞ ሴት አያት ማለት ነው፤ ከጎረቤት ልጆች ለምደውት በዚያው ቀረ።

መኪናችን በዕድሜ ከትልቁ ልጄ የምትበልጥ ፕራዶ ናት። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና ተንከባክቦ መያዝ የብዙ ቤተሰብ ሥራ ሆኗል። ሞተሩን መካኒክ ያየዋል። ጎማው ግን የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም የሚገዛው እሱ ነው፣ ሻጩም ያለውን እንጂ የሚያስፈልገውን አይሸጥለትም።

ወደ አቦምሳ ሲኬድ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት መንገድ ይገጥማል። የመጀመሪያው እስከ አዳማ ያለው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ ነው፤ ልጆቹ ሳምቡሳቸውን በልተው ሳይጨርሱ ያልቃል። ከአዳማ በአሰላ መንገድ ወጥተን መልካሳን እናልፍና ዴራ ላይ ወደ ምሥራቅ እንታጠፋለን። ከዚያ ወዲያ ግራር፣ የከብት መንጋ፣ የአህያ ጋሪና ሙቀት ነው። ሦስተኛው ከአቦምሳ እስከ እናቴ ደጅ ያለው 9 ኪሎ ሜትር ነው። ግማሹ ስለታም ድንጋይ፣ ግማሹ ዋልካ። ዋልካ በበጋ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል።

ባለፈው ግንቦት አራቱም ጎማ የሚቀየርበት ጊዜ ደረሰ። ወንድሜ "የጭቃ ጎማ ነው እንጂ! ሌላው ለቦሌ መንገድ ነው" አለ። ባለቤቴ ዋጋው ቀለል ስለሚልና ድምፅ ስለሌለው የአስፋልቱን መረጠ። እኔ አዳማ ላይ ለዓመታት ጎማችንን የሚያዩልንን አዛውንት ጎሚስታ ጠየቅኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ጠየቁኝ እንጂ።

"ልጄ፣ በዓመት ስንት ቀን ነው ጭቃ የምትገቡት?"

ቆጠርኩ። በዓመት ስምንት ጉዞ። ጭቃ ያገኘን በሁለቱ ነው፣ እሱም ዘጠኙ ኪሎ ሜትር ላይ ብቻ። በስምንቱም ጉዞ ግን የፍጥነት መንገዱ አለ፤ እናቴ ከኋላ ወንበር፣ ልጆቹ ግራና ቀኝ ተደግፈዋት ተኝተው፣ እቃው እስከ ጣሪያ ተጭኖ።

ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚሸጠው ጎማ በሦስት ይከፈላል። ኤች/ቲ የሚባለው የአስፋልት ጎማ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጸጥ ይላል፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ድንጋይ ላይ ግን ጎኑ ቶሎ ይቆረጣል፤ ጭቃ ውስጥ ጥርሱ ወዲያው ይሞላና ልሙጥ ይሆናል። ኤም/ቲ የጭቃ ጎማ ነው። ጥርሱ ትልልቅ፣ መሐሉ ሰፊ ክፍት ስለሆነ እየተሽከረከረ ጭቃውን ይተፋል። ሲያዩት ደስ ይላል፣ መኪናዋም ጎረምሳ ትመስላለች። ነገር ግን ክፍተቱ ሰፊ ሲሆን አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ደረቅ መንገድ ላይ ጩኸቱ ያሰለቻል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ሐምሌ ውስጥ ዝናብ እየዘነበ በፍጥነት መንገዱ ስንመጣ ከፊት ያለው የጭነት መኪና ድንገት ቢይዝ የምፈልገው ጎማ ይህ አይደለም። ኤ/ቲ የሚሉት በሁለቱ መሐል ነው። ጎኑ ከአስፋልቱ ጎማ ይጠነክራል፣ ጥርሱ ጠጠር ይይዛል፣ ውሃ የሚያወጡ ቀጫጭን ስንጥቆችም አሉት። እሱን ወሰድን።

ወንድሜ "ዋልካውስ?" አለ። እውነቱን ለመናገር የረጠበ ዋልካን የሚያሸንፍ የቤተሰብ ጎማ የለም። እናቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ መኪናዋን አቦምሳ ከተማ አቁመን እንጠብቃታለን፤ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ በጎረቤት የአህያ ጋሪ ትመጣለች። የሐኪም ቀጠሮ ካለ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት እንሄዳለን። ይህ ከማንኛውም ጎማ ይረክሳል።

ዓይነቱን መምረጥ ግማሹ ነገር ነው። ሌላው ጎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው፤ የእኛ መኪና 265/70 አር 16 ይላል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 70 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ 16 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። መርካቶ አንድ ሻጭ 285/75 አር 16 አቀረበልኝ፤ "ከፍ ያደርጋታል፣ ለገጠር ይሻላል" ብሎ። ቸርኬው ያው ስለሆነ ይገባል። ነገር ግን የጎማው ቁመት 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ቆጣሪው 100 ሲል በትክክል 107 እየነዳን ነው ማለት ነው፤ መሪው ሲታጠፍም ጎማው ጭቃ መከላከያውን ሊነካ ይችላል። ቀጥሎ ያለው ቁጥርና ፊደል የሚችለውን ክብደትና ፍጥነት ያሳያል። 112 ኤስ ከሆነ አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ግራም፣ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር ይችላል። መኪናው ይዞት ከመጣው ቁጥር ያነሰ አይገዛም።

ከሁሉም በላይ የማየው ግን የልደት ቀኑን ነው። በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አሃዝ አለ። 3119 ከሆነ በአውሮፓውያን 2019 በ31ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ በእኛ ሐምሌ 2011። ጎማ መጋዘን ውስጥም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ጥርሱ ግን አዲስ ስለሚመስል ገዢው አይነቃም። ብዙ አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲፈተሽ፣ 10 ዓመት ከሞላው ጥርስ ቢኖረውም እንዲወገድ ይመክራሉ። እኔ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የስልኬን መብራት አብርቼ ይህን ቁጥር እፈልጋለሁ። አንዱ ሻጭ "ሴትዮዋ መርማሪ ናት እንዴ?" ብሎ ጓደኛውን ጠቀሰው። ይጥቀሰው። ልጆቼን የምጭነው እኔ ነኝ።

ሁለት አዲስ ገዝቶ ከሁለት አሮጌ ጋር መቀላቀልም ርካሽ ይመስላል። እንደ እኛዋ ፕራዶ አራቱም እግር ሁልጊዜ በሚጎትት መኪና ላይ ቁመታቸው የተለያየ ጎማዎች ካሉ ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል። አራቱን አንድ ላይ መግዛት ይሻላል።

ንፋሱን በተመለከተ የአዳማው አዛውንት አንድ ነገር አስለምደውኛል፤ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር እያዩ መለካት። ቀትር ላይ መልካሳ ስንደርስ ቢለካ ስለሞቀ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ያኔ ማስተንፈስ ልክ አይደለም። የቆላ ፀሐይ፣ ሙሉ ጭነትና ፍጥነት ባሉበት ንፋሱ ያነሰ ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ የሚፈነዳውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ድንጋዩና አፈሩ ላይ ትንሽ ማስተንፈስ ይረዳል፤ ጎማው ተዘርግቶ ይይዛል፣ የእናቴም ወገብ ያርፋል። ግን ቀስ ብሎ መንዳት ያስፈልጋል፤ አስፋልት ከመድረስ በፊትም መሞላት አለበት። ለዚህ ከባትሪ የሚሰካ ትንሽ መንፊያ ይዘናል።

የግራር እሾህ ሌላ ጉዳይ ነው። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ሲወጋ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ካላማዳሪ የሌለው ቀስ እያለ ስለሚያፈስ ጎሚስታ ጋ ለመድረስ ጊዜ ይሰጣል። ጥርሱ ላይ የተወጋ ይደፈናል። ጎኑ ላይ የተወጋውን "እንለጥፍልሽ" የሚል ካለ አይሆንም በሉት። ስኮርታውንም ከጉዞ በፊት አስነፉት፤ ከመኪናው ኋላ ተሰቅሎ ስለሚከርም የሚያስታውሰው የለም።

አሮጌዎቹ አራት ጎማዎች ምን ሆኑ ብትሉ፣ ሁለቱ ምናለሽ ተራ ሄዱ፤ እዚያ በረባሶም ገመድም ይሆናሉ። ሁለቱን እናቴ ጠየቀችን። አንዱን ልጆቹ ዛፍ ላይ አስረው ይወዛወዙበታል። ሌላውን ለሁለት አስቆርጣ ለላሟ የውሃ ገንዳ አድርጋዋለች፤ ላሟ መጀመሪያ ሸሸችው፣ አሁን ትጠጣበታለች።