የደንቡ አባቶች

ሌላው ሰው ከመተኛቱ በፊት ልቦለድ ያነባል፤ እኔ የመኪና ውድድር ደንብ አነባለሁ። ተወዳዳሪ ሆኜ አይደለም። የምነዳው መኪና አውቶማቲክ ነው፤ ፍጥነቴንም ከጎኔ ተቀምጣ የምትወስነው ባለቤቴ ናት። ነገር ግን በድሮ ስፖርት መኪኖች ለሚወዳደሩ አማተሮች የወጣው ደንብ እጄ ከገባ ወዲህ ልቦለዱ ሁሉ አልጥምህ ብሎኛል። እንደሱ ተንኮለኛ ገጸ ባሕርያት የሞሉበት መጽሐፍ ከየት ይገኛል?

ለዚህ አመል የዳረገኝ እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ ነው። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ከሒሳብ ሥራ ጡረታ ወጥቷል። ጋራዡ ውስጥ ኤምጂቢ የምትባል፣ ባለ 1798 ሲሲ ሞተር፣ ጣሪያ የለሽ የእንግሊዝ መኪና አለችው። አንድ ቅዳሜ ባትሪ እንዳበራለት ጠራኝና ኮፈኑ ሥር አንገቱን እንደቀበረ፣ “እባክህ ስለ ካርቡራተሩ የሚለውን አንብብልኝ” ብሎ በዘይት የወየበ ጥራዝ አቀበለኝ።

ስለ ካርቡራተሩ አነበብኩለትና ማቆም አቃተኝ። መኪናዋ ቢያንስ ስንት መመዘን እንዳለባት፣ የቫልቮቿ ራስ ስፋት፣ የቸርኬዋ ወርድ፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ከሁሉ በላይ የሚገዛው መርህ ደግሞ ይቻላል ያልተባለ ነገር ሁሉ አይቻልም የሚል ነው። እኔ ያደግሁት አይቻልም የተባለውም ቢሆን ሰው ካለህ ይቻላል በሚባልበት አገር ስለሆነ ነገሩ ገረመኝ። “የቫልቭን ራስ በሚሊሜትር ክፍልፋይ ለመገደብ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ምን ዓይነት ሰው ነው?” አልኩት። ቀና ሳይል፣ “ቁጭ ብሎ ያሰበ የለም። አንዱ ቀድሞ አድርጎት ነው” አለኝ።

እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ መልስ ናት። እያንዳንዱ መስመር አባት አለው ማለት ነው። አባት ፍለጋ ጀመርኩ።

ፍለጋው እንግሊዝ አገር አደረሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1922 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ኦስቲን ሰቨን የምትባል ትንሽ የቤተሰብ መኪና ገበያ ላይ ወጣች። ሄርበርት ኦስቲን ንድፏን ያወጣው ስታንሊ ኤጅ ከተባለ የ18 ዓመት ንድፍ ሠሪ ጋር በገዛ መኖሪያ ቤቱ ነበር። ምርቷ ሊቆም ሲል በ1939 ወዳጆቿ አንድ ክለብ አቋቋሙ፤ ሞተሯ 747 ሲሲ ስለነበረ ክለቡም 750 ተባለ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጦርነቱ ሲያልቅ ቤንዚን በራሽን፣ ኪስም ባዶ ሆነ፤ አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ግን በየጓሮው ወድቆ ይገኝ ነበር። በ1940ዎቹ መገባደጃ ላይ ክለቡ ለድሃ ተወዳዳሪ የሚሆን ደንብ አወጣ። ሻንሲውም ሞተሩም የኦስቲን ሰቨን ይሁን፤ ቀሪውን እንደ አቅምህ ቀጥቅጠህ ሥራ። ሐሳቡ ባለ ገንዘብ ገንዘቡን ይዞ እንዳያሸንፍ ነው።

ደንቡ ኪስን አሰረ። ጭንቅላትን ማሰር ግን ረሳ።

ኮሊን ቻፕማን የሚባል፣ ለንደን ውስጥ ሲቪል ምሕንድስና የተማረ ወጣት መጣ። የኦስቲን ሰቨን ሞተር አራት ሲሊንደር ሲኖረው፣ የቤንዚንና የአየሩ ቅልቅል የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች በአንድ ቀዳዳ ስለሚስቡ አንዱ የሌላውን ድርሻ ይሻማል። ሌላው ተወዳዳሪ ይህን ከላይ እንደመጣ ፍርድ ተቀብሎት ነበር። ቻፕማን ግን ቀዳዳዎቹን መሐል ለመሐል ከፍሎ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የግሉን መተንፈሻ አበጀለት። በ1951 ሎተስ ማርክ ሦስት የተባለችው መኪናው የክለቡን ባልደረቦች አቧራ አስቃመቻቸው። ደንቡ ቢገላበጥ ቀዳዳ መክፈል ክልክል ነው የሚል የለበትም። ለቀጣዩ ዓመት ግን ገባበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ቻፕማን በዚህ አላበቃም። በ1952 የሎተስን ኩባንያ አቋቋመ፤ በፎርሙላ ዋን ሰባት ጊዜ የአምራቾችን ዋንጫ ወሰደ። ደንብ አውጪዎቹም ከኋላው ሲሮጡ ኖሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሥር በሚያልፈው አየር መኪናዋን መሬት ላይ የሚያጣብቅ ዘዴ አመጣ፤ ጥቂት ቆይቶ በደንብ ተገደበ። በ1981 ባለ ሁለት ሻንሲዋን ሎተስ 88 ይዞ ቀረበ፤ አንድም ውድድር ሳትሮጥ ታገደች። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ደንብ ሲወልድ ኖሮ ከልጆቹ አንዱንም አልወደደም።

አሜሪካኖቹ በሌላ በር ገቡ። ጥቅምት 2 ቀን 1948 ካሜሮን አርገትሲንገር የሚባል የሕግ ተማሪ ዋትኪንስ ግሌን በተባለች የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ መንገድ ላይ ውድድር አሰናዳ። ዙሩ 6.6 ማይል፣ መንገዱ ከፊሉ አስፋልት ከፊሉ ጠጠር ሲሆን የባቡር ሐዲድ ያቋርጠዋል፤ መኪኖቹ እስኪያልፉ ባቡሩ እንዲቆም ተደረገ። በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብም ውሎ አድሮ መኪኖቹን በሞተራቸው ሲሲ እየለካ በፊደል መደባቸው። ሲሲ ለመለካት ይቀላል፤ ጉልበት ግን በሲሲ ብቻ አይመጣም። እኩል ሲሲ ያላቸው ሁለት መኪኖች አንዱ ሲበር ሌላው ሲንፏቀቅ ታየ። ስለዚህ ምደባው ቀስ በቀስ በሲሲ መሆኑ ቀርቶ መኪናዋ ትራኩ ላይ በምታሳየው ፍጥነት ሆነ። የበረታችዋ ኪሎ ይጨመርባታል፣ የደከመችዋ ይቀነስላታል። የጎረቤቴን ጥራዝ ያወፈረው ይህ ነው። ርካሽ ውድድር የሚለው ሐሳብም ለእነሱ ቆይቶ ደረሰ፤ በ1963 የ1200 ሲሲ ቮልስ ሞተር ለተገጠመላት ፎርሙላ ቪ የራሷን ምድብ ሰጧት። አዲስ አበባ ውስጥ ሰባት ሰው ከነጓዙ ጭኖ እንጦጦን የሚወጣው ሞተር እነሱ ዘንድ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ይሮጣል።

ብልጠት የድሃ ብቻ አይደለም። በ1962 አንድ መኪና በጂቲ ምድብ ለመወዳደር ቢያንስ 100 መመረት ነበረባት። ፌራሪ 250 ጂቲኦን ሲያወጣ የሠራት 36 ብቻ ነው። አዲስ መኪና አይደለችም፣ የቀድሞዋ 250 ጂቲ ተሻሽላ ነው ብሎ አስመዘገባት፤ ተቀበሉት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። በ2018 ከእነዚህ አንዷ ካሊፎርኒያ ውስጥ በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች፤ እነዚያ ያልተሠሩት 64 ቢሠሩ ኖሮ ዋጋዋ እዚህ መድረሱን እጠራጠራለሁ።

የድሮ መኪኖች ደንብ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የባሰ ያስቀኛል። በ1934 እንግሊዝ ውስጥ የተቋቋመው የቪንቴጅ ስፖርት መኪና ክለብ እውነተኛ ቪንቴጅ የሚለው እስከ 1930 መጨረሻ የተሠራውን ብቻ ነው። ልብ በሉ፤ አራት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ድሮ ቀረ ብለው ነበር! በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የታሪካዊ መኪኖች ደንብ ደግሞ ሞተርህ ላይ የሠራኸው ለውጥ ያኔ፣ በዘመኑ፣ በዚያው ዓይነት መኪና ላይ ለውድድር መዋሉን በሰነድ ማስረዳት አለብህ። አዲስ ብልጠት ክልክል ነው፤ የአያቶች ብልጠት ግን ፎቶግራፍ ካለው ቅርስ ሆኗል። ያኔ ተቆጣጣሪ ያበሳጨ ብልሃት ዛሬ ማስረጃ ተያይዞለት በክብር ይገባል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ከጎረቤቴ ጋር ሰሚት ፖይንት ወደሚባለው የዌስት ቨርጂኒያ ትራክ ሄድኩ። ከውድድሩ በፊት መኪናዋ አራቱም ጎማዋ ሚዛን ላይ ወጣች፤ የምትመዘነው ነጂዋን ከነራስ ቁሩ ጭና ነው። ጎደለች። ሐኪሙ ክብደት ቀንስ ብሎት ክረምቱን ሙሉ ሰላጣ ሲበላ ከርሟል። የጎደለውን በእርሳስ ብረት ሞልቶ፣ የተሳፋሪው ወንበር በነበረበት ወለል ላይ በቡሎን ማሰር ነበረበት። እሱ ግን ከቀዝቃዛ ሳጥኑ ትልቅ የውሃ ጀሪካን አውጥቶ ማሰሪያው ውስጥ ሸጎጠና ተመልሶ ተቀመጠ። ሚዛኑ ሞላ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለ ተቆጣጣሪው።

“ይጠማኛል።”

ተቆጣጣሪው ጥራዙን ወደፊትም ወደኋላም ገለጠ። ነጂ ምን ያህል ሊጠማው እንደሚችል የሚገድብ መስመር አጣ። ሳቀ፤ ከዚያ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

ለሚቀጥለው ዓመት በወጣው እትም ላይ ለመጠጥ የተያዘ ውሃ ከመኪናዋ ክብደት አይቆጠርም የሚል መስመር ገብቷል። ጎረቤቴ ገጹን እያሳየኝ ፊቱ በራ። እንኳን ማርያም ማረችህ ለወንድ አይባልም፤ እኔ ግን አልኩት።