የውሰት ሳጥን

ሳጥኗ የምሳ ዕቃ ታህላለች። ስትከፈት ለእያንዳንዱ ብረት በልኩ የተቀረጸ መኝታ አላት፤ ለረጅሙ ብሎን፣ ለወፍራሙ ዳዶ፣ ለሁለቱ ግማሽ ክብ ብረቶች፣ እነሱን አቅፎ ለሚይዘው ቀለበት። አንዲት ትንሽ ክብ መኝታ ግን ባዶዋን ናት። ክዳኑ ላይ ከእኔ በፊት የተዋሳት ሰው የአውራ ጣቱን አሻራ በግሪስ አትሞ ሄዷል።

የመሪ ፖምፓ ፑሌጅያ (ቺንጋ የሚዞርበት ክብ ብረት) ማውጫና ማስገቢያ ናት። ሌላ ሙያ የላትም። ካቻቪቴ ሲቸግር የቀለም ቆርቆሮ ይከፍታል፤ ፒንሳ ምስማር ይነቅላል። ይቺ ግን ፑሌጅያ አውጥታ ፑሌጅያ መመለስ ብቻ ነው የምታውቀው። በዕድሜው አንዴ ወይ ሁለቴ ለሚፈልጋት ነገር ገዝቶ የሚያስቀምጣት ስለሌለ ኑሮዋ ከእጅ ወደ እጅ ነው።

እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የመኪና መለዋወጫ ሱቆች መሣሪያ ያውሳሉ። ሙሉ ዋጋውን አስይዘህ ትወስዳለህ፤ ስትመልስ ገንዘብህን ይመልሱልሃል። መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ። እኛ ሰፈር ወንፊትና ሙቀጫ ስንዋስ መያዣው “እማዬ ልካኝ ነው” የምትል ቃል ብቻ ነበረች። ቆይቼ ሳስበው ግን የእድር ዕቃ ቤታችንም ለካ እንዲሁ ነው፤ ድስቱም ማንኪያውም ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል፣ የጎደለ ይከፈላል።

ለውሰት ያበቃችኝ አሮጌዋ ሼቭሮሌ ፒካፔ ናት። መሪዋን ባዞርኩ ቁጥር እንደ ራበው ቡችላ ታላዝን ጀመር። ጎረቤቴ ጋሼ ኮፈኑን አስከፍተው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና “ፖምፓዋ ናት፣ አለቀላት” አሉኝ። ጋሼ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ እንጂ ጉልምስናቸው ያለፈው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው።

አዲሱን ፖምፓ ስንገዛ ፑሌጅያ አልነበረውም። ከአሮጌው አውጥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር የገዢው ፈንታ ነው። ጋሼ ቺንጋውን አውርደው፣ አሮጌውን ፖምፓ ፈትተው ግቢዬ ውስጥ ቁጭ አሉና አገላበጡት።

“ዳዶው የታለ?” አሉ።

ሲፈቷቸው የኖሩት ቶዮታዎች ፑሌጅያቸው በዳዶ ይታሰር ነበር። ይኼኛው ዳዶም የለው ብሎንም የለው። የፑሌጅያው ቀዳዳ ከዘንጉ በጥቂቱ ጠበብ ብሎ ተሠርቶ፣ በግፊት ገብቶ፣ በጥበቱ ብቻ ተጣብቆ የሚኖር ነው። እኔ መዶሻ ላመጣ ስነሳ እጄን ያዙኝ። ዘንጉ ፖምፓው ውስጥ ስስ ስስ ምላሶች ያሉት መዘውር ያሽከረክራል፤ ፑሌጅያው አዲሱ ላይ ሲገባ በመዶሻ የተመታ እንደሆነ ምቱ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ገና ያልሠራ ፖምፓ ይሞታል። ባለ ሦስት ጥፍሩን ተራ መንቀያ ሳቀርብም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱ የሚይዘው ጠርዙን ነው፤ ጠርዙ ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ይጎብጣል። የጎበጠ ፑሌጅያ ላይ ቺንጋ አይረጋም።

“ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ?” አሉኝ። “ማጅራቱን ነው መያዝ።”

እውነትም ፑሌጅያው መሀል ላይ ብቅ ያለ አንገት አለው፤ አንገቱ ዙሪያ ጎድጎድ ያለ መስመር። ሁለቱ ግማሽ ክብ ብረቶች እዚያ መስመር ውስጥ ገብተው አንገቱን ያቅፋሉ፤ ቀለበቱ ከላይ ይወርድና እንዳይላቀቁ ይይዛቸዋል፤ የመሀሉ ብሎን የዘንጉን ጫፍ እየገፋ ፑሌጅያውን ወደ ኋላ ይስባል። ጋሼ መፍቻውን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር አዞሩ። አንዴ “ጢቅ” አለ። ከዚያ በኋላ ያለ ድምፅ መጣ።

ሳጥኗን ልንዋስ ሱቁ ስንገባ ጋሼ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው በሙሉ ልብ “ፑሌጅያ” ማለታቸው ትዝ አለኝ። ሻጩ ልጅ ትንሽ አሰብ አድርጎ ትክክለኛዋን ሳጥን ይዞ መጣ። የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ጣልያንኛ ነው፤ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ሞርሳ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ቢባረርም ቃሉ ግን ከመፍቻው ጋር ቀርቶ፣ ከጋሼ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካኖች ባንኮኒ ላይ ሥራ ሠራ።

መሪን በፈሳሽ ግፊት ማቅለል ራሱ ታሪኩ የትዕግሥት ነው። ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1926 ፒርስ አሮው መኪና ላይ ገጥሞ አሳየው። በክራይስለር ኢምፔሪያል ላይ ለገበያ የወጣው ግን በ1951 ነው። አሁን ደግሞ አብዛኞቹን አዳዲስ መኪኖች የሚያግዘው ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ፖምፓም ፑሌጅያም የላቸውም። አንድ ሙያ ብቻ የተማረችው ሳጥናችን ሥራ የምትፈታበት ቀን ሩቅ አይመስለኝም።

ፑሌጅያውን አዲሱ ፖምፓ ላይ መመለሱ ከማውጣቱ ይከብዳል። የማስገቢያው ብሎን ዘንጉ አናት ላይ ባለው ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ ዳዶው ሲዞር ፑሌጅያው እየተገፋ ይወርዳል። ጋሼ ሊጀምሩ ሲሉ ያቺን ባዶ መኝታ አዩ። በዳዶውና በሚገፋው ብረት መካከል የምትገባ ሮንዴላ ጎድላለች፤ ያለ እሷ ብረት ብረትን ይበላል። ምንም ሳይናገሩ ቤታቸው ገብተው ከቡና ቆርቆሮ ውስጥ ምስማርና ብሎን ሲያተራምሱ ቆዩና አንዲት አሮጌ ሮንዴላ ይዘው ተመለሱ። ዘይት ቀቧት፣ አስገቧት።

ፑሌጅያው የሚቆመው ፊቱ ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል ሲሆን ነው። የሚፈቀደው ስህተት ሩብ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቺንጋው ተንጋዶ ይሮጣል፣ ይጮኻል። ጋሼ መለኪያ አላወጡም። የትንሿን ጣታቸውን ጥፍር ከዘንጉ ወደ ፑሌጅያው አንሸራተቱ። ጥፍሩ ተሰናከለ። ትንሽ አዞሩ። እንደገና አንሸራተቱ። አልተሰናከለም።

ፖምፓው ተመልሶ ታሰረ፤ ዘይት ሞላንበት። ፒካፗ ዝም አለች፤ መሪዋን በአንድ ጣት አዞርኳት።

በማግስቱ ሳጥኗን ጠራርጌ መለስኩ። ልጁ ከፍቶ በጣቱ እየነካ ቆጠረ። ሁሉም መኝታ ሞልቷል። ትናንት አንዷ ባዶ እንደነበረች አላስታወሰም፤ እኔም አልነገርኩትም። ገንዘቤን መለሰልኝ፤ ሳጥኗንም ከጋሼ ሮንዴላ ጋር መደርደሪያው ላይ አስቀመጣት።