የታመመ በሬ፣ ባለቤቱና ሐኪሙ

ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ቆቦ ሜዳ ሲደርስ ገበሬው ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል። መሬቱ የጠጣው ውኃ ፀሐይ ሳይመጠው መታረስ አለበት። በዚያው ሳምንት በሬው ቢታመም ሐኪሙ «አሳርፈው» ይላል፤ ገበሬው ደግሞ «ዛሬ ካላረስኩ ዘንድሮ ማሽላ የለኝም» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሐኪሙ የሚያስበው ስለ በሬው ነው፤ ገበሬው የሚያስበው ስለ ዓመቱ ቀለብ ነው። ዕረፍት የሚያዝ ሐኪም «እስኪያገግም የሚያቀናጅህ ሰው አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ትእዛዙ የመፈጸም ዕድል ይኖረዋል።

*

ከብቱን ክሊኒክ ወስዶ መርፌ ሳይወጋለት የተመለሰ ሰው እንዳልታከመለት ይቆጥረዋል። ጭቅጭቁ ያሰለቸው ሐኪምም ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ወግቶ ይሸኘዋል። እንዲህ ያለው ስምምነት ከጠብ ይከፋል። ለምሳሌ አፍተግር የቫይረስ በሽታ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም፤ ቢረዳም ቁስሉ ላይ የሚደረበውን ሌላ ጀርም ለመከላከል ነው። ላሚቱ ስትወጋ ደግሞ መድኃኒቱ ወተቷ ውስጥ ይገባል፤ ወተቱን የሚጠጡት ልጆች ናቸው። «መርፌ አያስፈልጋትም» ብሎ ምክንያቱን የሚያስረዳ ሐኪም ሥራውን ሠርቷል።

*

በራያ ቆላ ግመልን የሚያከሳ የገንዲ ዓይነት አለ፤ ተናካሽ ዝንቦች ከግመል ወደ ግመል ያዛምቱታል። ባለ ግመሉ «ለጎረቤቴ በሬ የሰጠኸውን ለእኔም ስጠኝ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በሬን ከገንዲ የሚያድነው ዲሚናዚን ግመልን ሊመርዝ፣ ሊገድልም ይችላል። በከተማ ጥንቸል የሚያረቡ ሰዎችም ተመሳሳይ አደጋ አለባቸው፤ ለሰው የሚታዘዘው አሞክሲሲሊን በአፍ ሲሰጣት የአንጀቷን ጠቃሚ ጀርሞች አጥፍቶ ጥንቸሏን ሊገድላት ይችላል። ሐኪም መድኃኒት ሲከለክል ሁልጊዜ ንፉግ ሆኖ አይደለም።

*

«መድኃኒታችሁ በጌን አስጨነገፋት» የሚል ባለቤት ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ይህ የአላዋቂ ወሬ ነው» የሚል ነው። ወሬ ላይሆን ይችላል። የትል መድኃኒት የሆነው አልቤንዳዞል በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ሲሰጥ ጽንሱን ይጎዳል፤ እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን የመውለጃዋ ጊዜ የተቃረበን ላም ሊያስወርዳት ይችላል። ከመወጋቷ በፊት «ይዛለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሐኪሙ ድርሻ ነው። ካልጠየቀ ቅሬታውን ጎንበስ ብሎ መስማት አለበት።

*

ክትባት ብዙ ጊዜ ወደ ቀበሌው የሚደርሰው ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ነው። በሽታው አስቀድሞ ሰውነቷ ውስጥ የገባ ላም ትከተባለች፣ ከቀናት በኋላም ትሞታለች። ባለቤቷ ያየው መርፌውንና ሞቱን ነው፤ ከዚያ በፊት የሆነውን አላየም። ይህን ከክትባቱ በፊት የነገረው ሰው የለም። በሚቀጥለው ዓመት ከብቱን ከከታቢው ቢያሸሽ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

*

በጋለ ብረት የተተኮሰ ከብት ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስታውሰው ተግሣጽ ነው። መተኮስ እንስሳውን ያሠቃያል፣ ቆዳውን ያበላሻል፣ ገንዲንም አያድንም፤ ይህ መነገር አለበት። ነገር ግን ተዋርዶ የተመለሰ ሰው ዳግመኛ ወደ ክሊኒኩ አይመጣም፤ ብረቱን ግን ያግላል።

*

እ.ኤ.አ. በ1887 ጣልያኖች በምፅዋ ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ አስከተለ። ከመቶ ዓመት በኋላ በሽታው ከቆየባቸው የመጨረሻ ቦታዎች አንዱ ከዞብል ተራራ ማዶ ያለው የአፋር ምድር ነበር። የመንግሥት ከታቢዎች በዚያ ሙቀትና ርቀት ሁሉንም መንጋ ማዳረስ አቃታቸው። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ግን የሠለጠኑ የአፋር አርብቶ አደሮች ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው መንጋውን ራሳቸው ከተቡ። መርፌ ሐኪም ባልሆነ ሰው እጅ መግባቱን የተቃወሙ ባለሙያዎች ነበሩ። በሽታው ከአፋር ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ሳይንሱ ክትባቱን ሠራ፤ ከብቱ የት እንደሚውልና የት እንደሚያድር የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነበር።

*

ባለቤቱም ዕዳ አለበት። ከገበያ መርፌ ገዝቶ ከወጋ በኋላ «ምንም አልሰጠሁትም» ይላል። በሬው የሰው ማሳ ገብቶ ከሆነ ካሣ ፈርቶ ይደብቃል። ድርቅ ከመታው በኋላ ዳግም ያቆጠቆጠ ማሽላ ግን ውስጡ ሳያናይድ ሊይዝ ይችላል፤ የበላ ከብት በደቂቃዎች ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ማርከሻ አለው፤ ሆኖም ማርከሻው የሚሰጠው እውነቱ ከተነገረ ነው።

*

ክርክር የማይቀበል ጉዳይም አለ። ድንገት ወድቆ የሞተ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚፈሰው ከብት አባ ሰንጋ ይዞት ሊሆን ይችላል። በሬውን ላጣ ሰው ሥጋውንም ቅበር ማለት ከባድ ነው፤ ሐዘኑ ይገባኛል። ሆኖም የከፈተው፣ የገፈፈው፣ የበላው ሁሉ ሊያዝ ይችላል። ሬሳው ከተከፈተ ጀርሙ አፈር ውስጥ አሥርት ዓመታት ይቆያል። በራሱ በሬ ሕክምና ላይ የመጨረሻው ቃል የባለቤቱ ይሁን፤ በሽታው ወደ ሰውና ወደ ጎረቤት በረት በሚሻገርበት ጊዜ ግን የሐኪሙ መሆን አለበት።

*

ሐኪሞች ሆይ፣ ትእዛዛችሁን ከነምክንያቱ ስጡ። ባለ ከብቶች ሆይ፣ የበላውንም የተወጋውንም ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሽታው ምንድን ነው? መድኃኒቱ ምንድን ነው? ወተቱና ሥጋው እስከ መቼ አይበላም? መልሱ ካላሳመናችሁ እዚያው ፊት ለፊት ተከራከሩ። ዝም ብላችሁ ወጥታችሁ ግን ከገበያ መርፌ አትግዙ።