ቤት ይገዛል፥ ቀባሪ ግን አይገዛም

ሰው ቤት ሲገዛ ግድግዳና ጣራ ብቻ የገዛ ይመስለዋል። ነገር ግን ከግድግዳው ጋራ ጎረቤት፥ ከጎረቤቱም ጋራ ቋንቋና ልማድ፥ ደስታና ኀዘን አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ቤት መግዛት አንድ ነገር ሲሆን አገር መለወጥ ሌላ ነገር መሆኑን፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አስቀድመህ ልብ በል።

እኛ የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ሰዎች ከአገር መውጣትን ከጥንት ጀምሮ እናውቀዋለን። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ግርጌ ብርዳም ነው፤ ወደ በሽሎ የሚወርደው ቆላ ደግሞ ዝናብ ሲጠፋ ፈጥኖ ይደርቃል። የአባት መሬት ለልጆች በተከፋፈለ ቁጥር እየጠበበ፥ አፈሩም በጎርፍ እየታጠበ ሄደ። ስለዚህ ብዙው ጎበዝ በመኸር ወራት ሰሊጥ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ሲወርድ ኖሯል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ መንግሥት ከደጋው አገር ብዙ ሕዝብ እያነሣ በጭነት መኪናና በአውሮፕላን ወደ ወለጋ፥ ወደ ጋምቤላና ወደ መተከል አሰፈረ፤ ከእነዚያም መካከል ሳይወድ የሄደ ብዙ ነበር። በ1995 እና በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ፈቃደኞች የሆኑ ገበሬዎች በክልሉ ውስጥ ወደ መተማና ወደ ቋራ ሄደው ሰፈሩ። ተገዶ የሄደ ሰው ሊመርጥ አይችልምና ማንም አይወቅሰውም። ወዶ የሚሄድ ሰው ግን የመምረጥ ዕድል ስላለው የማሰብም ግዴታ አለበት።

እኔ ወዶ ከሄደው ወገን ነኝ። በ2009 ዓ.ም. ባለቤቴ ሥራ በማግኘቷ ከነፋስ መውጫ ተነሥተን በኦሮሚያ ክልል ወደምትገኘው ወደ አዳማ ለመዛወር አሰብን። አንድ ዓመት በኪራይ ከኖርን በኋላ ያጠራቀምነውን ገንዘብ ይዘን ቤት ለመግዛት ቆረጥን። ይህን ለእናቴ ልነግራት ወደ ጋይንት በሄድሁ ጊዜ፥ እሳቱን እየቆሰቆሰች ብዙ ዝም ካለች በኋላ፥ «ልጄ፥ ቤት የሚሸጥ ሰው አታጣም፤ ቀባሪ የሚሸጥ ግን የለም። እሱን ከወዴት ልታመጣ ነው?» አለችኝ። አብራን እንድትሄድ ብለምናትም፥ ባልዋና ወላጆቿ ካረፉበት ደብር እንደማትለይ ነገረችኝ።

በገዢነቴ ጊዜ የተረዳሁትን ለሚከተለኝ ሰው ልንገር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 እንደሚለው መሬት አይሸጥም፥ አይለወጥም፤ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። መሬቱ በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ፥ በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው፤ ስለዚህ የቀረው ዘመንና ያልተከፈለው የሊዝ ገንዘብ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፥ ውሉም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። ቀብድን በተመለከተም፥ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ቤት ያማረ፥ ዋጋውም የቀለለ ነበር። «ዛሬ ቀብድ ካልሰጣችሁ ነገ አታገኙትም» እያለ ያጣድፈን ጀመር። ባለቤቴ ግን፥ «የሚያስቸኩል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው» ብላ ካርታውን በማዘጋጃ ቤት እስክናጣራ አንድ ብር እንዳልሰጥ ከለከለችኝ። ስናጣራም ቤቱ በወንድማማቾች የውርስ ክርክር ምክንያት በፍርድ ቤት የታገደ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነበረው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ንጹሕ ነበር፥ ሻጮቹም ባልና ሚስት ሆነው ሁለቱም ፈረሙልን። ለመጣደፍ ከመቶ ቀን አንዱን ብንሸጠው ኖሮ የዐሥር ዓመት ድካማችንን ባጣን ነበር።

የቤቱ ነገር በዚህ አለቀ፤ የእናቴ ጥያቄ ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። እንግዲህ በመጀመሪያው ወር የሰፈሩ እድር አባል ሆንን። እኔም ከጎረቤት ልጆች ኦሮምኛ መማር ጀመርሁ፤ «አካም ጅርቱ» ስል አነጋገሬ እያሳቃቸው ያርሙኝ ነበር። ሰው በአፍህ ስትሳሳት ሊስቅብህ ይችላል፤ ቋንቋውን ንቀህ ዝም ስትል ግን ያዝንብሃል። ጎረቤት ሲሞትበት ድንኳን ተሸክሜ ሄድሁ፥ ውኃ ቀዳሁ፥ አብሬ አመሸሁ። ይህን ያደረግሁት ብድር ለማስቀመጥ ሳይሆን፥ ባገሬም የማደርገው ይህንኑ ስለ ሆነ ነው።

በ2012 ዓ.ም. እናቴ ዐረፈች። ሄጄ ቀብሬ ወደ አዳማ ስመለስ፥ በደጃፌ ድንኳን ተተክሎ፥ ወንበር ተደርድሮ፥ ንፍሮ ተቀቅሎ አገኘሁ። መልኳን አይተው የማያውቁ ሰዎች፥ ከፊሎቹም በቋንቋዬ በቅጡ የማያነጋግሩኝ፥ ስለ እናቴ ሦስት ቀን ተቀመጡልኝ። ለጥያቄዋ መልስ የሰጧት እነርሱ ናቸው፤ እርሷ ግን አልሰማችውም። አገር መለወጥ ይህን የመሰለ ዋጋ አለው፤ በባንክ የማይከፈል፥ በውልም ላይ የማይጻፍ ዋጋ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እሳቷን አጠገቧ ሆኜ አልቆሰቆስሁላትም።

ደግሞም ጋይንት ሰው የሚወጣባት ብቻ ሳትሆን ሰው የሚመጣባትም አገር ናት። ድጓ ለመማር ወደ ቤተልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አባ፥ ከብዙ አገር ተማሪ ሲመጣ ኖሯል። ያ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ በደጃችን ሲቆም እናቶቻችን አገርህ የት ነው ብለው ሳይመረምሩ ቁራሽ ይሰጡት ነበር። እንግዳን መቀበል የለመደ ሕዝብ ልጅ እንግዳ ሲሆን እንዴት መኖር እንደሚገባው ሊጠፋው አይገባም።

ስለዚህ አንተም፥ አንቺም፥ ነገ ከአገራችሁ ብትወጡ፥ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ወረቀቱን መርምሩ፤ ከወረቀቱም ጋራ ጎረቤቱን ጠይቁ። የሰውየውን ቋንቋ ተማሩ፥ ኀዘኑን ተካፈሉ። ባገር ለቀሩት ወላጆቻችሁም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ራሳችሁን ላኩላቸው፤ መንገዱ ቢረዝምም ሂዱ፥ እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ቤት በሻጭና በገዢ ፊርማ በአንድ ቀን የእናንተ ይሆናል፤ ሰፈር ግን የእናንተ የሚሆነው ቀስ በቀስ፥ በየቀኑ በምትሠሩት ሥራ ነው።