ጋዙ የት ሄደ?

ባለፈው ሚያዝያ ከባለቤቴ ጋር ለአገልግሎት ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ፣ አዋሽን እንዳለፍን የመኪናችን ኤሲ ሞቃት አየር መንፋት ጀመረ። በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞልቼ ነበር። ድሬዳዋ ያየልኝ ወጣት መካኒክ ግን፣ «ፓስተር፣ ጋዙ እኮ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፤ በዝግ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ» አለኝ። ፈልጎም አገኘው። የቱቦው መጋጠሚያ ላይ የዘይት ወዝ ነበር፤ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎማ ደርቃ ተሰንጥቃለች። መጀመሪያ እሷን ቀየረ፤ ከዚያ ሞላ።

ባለቤቴ ሳቅ ብላ፣ «አንተም ከኮንፈረንስ መልስ ደግ የምትሆነው ለአንድ ሳምንት ነው» አለችኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ከተኳረፍን አራት ዓመት ሆኖናል። በየጾም ጸሎቱ ጌታ እንዲሞላኝ እለምናለሁ፤ ያቺን ስንጥቅ ግን እንዲነካት አልፈቀድኩም። ያን ምሽት ደወልኩለት፤ አላነሳም። በማግስቱ ደግሜ ደወልኩ። «አቤት፣ ጋሼ» አለኝ።

ወገኖቼ፣ «ጌታ ሆይ ሙላኝ» ከማለታችን በፊት የሚያፈሰው የት እንደሆነ እንዲያሳየን እንለምነው።